ተማሪ መርጠው ወደሚቀበሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ስለሚደረግ ዝውውር

ተማሪ መርጦ ስለሚቀበል የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበው የ8ኛ ክፍልን ትምህርት ፈጽሞ ወደ 9ኛ የሚያልፈው ተማሪ ነው። የመግቢያ ፈተናውም፣ ማስታወቂያውም፣ የቦታው ድልድልም የሚዘጋጀው በአብዛኛው ለእርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ሳይመረጥ የቀረ፣ ወይም የምርጫው ወሬ እንኳ ያልደረሰው ተማሪ ከዚያ በኋላ በሩ እንደተዘጋበት ይቈጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የኋለኛውን ተማሪ ነው። ሁለት ዓመት በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ ችሎታው ከታወቀ በኋላ በ11ኛ ወይም በ12ኛ ክፍል ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት ሊዛወር ይገባዋልን? ቢዛወርስ ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል? የላከው ትምህርት ቤትስ ምን ይሆናል? ጥያቄው ለአገሪቱ በጠቅላላው የሚነሣ ቢሆንም እዚህ የሚታየው በሰሜን ወሎ ከሚገኙት ከወልድያ ከተማና ዋና ከተማው መርሳ ከሆነው ከሀብሩ ወረዳ አንጻር ነው።

ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልድያ እስከ ደሴ 120፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዋናው መንገድ ዳር ላሉት ለሲሪንቃና ለውርጌሳ ልጆች ወልድያ ሩቅ አገር አይደለም። ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ላሉት ቀበሌዎች ግን ሁለተኛ ደረጃ መማር ማለት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከቤት መውጣት፣ በከተማ ውስጥ ከሦስትና ከአራት ጓደኞች ጋር ክፍል መከራየትና በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት ወደ አገር ቤት መመላለስ ነው። ስለዚህ ለሀብሩ ገጠር ልጅ ዝውውር አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተዛውሯል። እዚህ የሚነሣው ሁለተኛው ዝውውር ነው።

ያለፈው ልምድ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ከአውራጃው ለሁለተኛ ደረጃ የሚበቁ ተማሪዎች ዐይናቸውን የሚጥሉት ደሴ በሚገኘው በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ላይ ነበር። (ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም መሆኑ ይታወቃል።) ከዚያ በላይ ደግሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ ነበሩ። ጄኔራል ዊንጌትና ኮተቤ የሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከእነዚህ ይቈጠራሉ። እነዚህ በአመዛኙ የሚቀበሉት 8ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ነበር።

ከእነዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመ ሲሆን፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በትምህርታቸው የላቁትን ተማሪዎች በመጨረሻው ደረጃ ላይ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለማጠናቀቂያ ፈተናና ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጅ ነበር። ከዓላማውም አንዱ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ መምህራንን ማፍራት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ አሠራሩ በቀድሞ መልኩ ባይቀጥልም፣ መንግሥት ራሱ በላይኛ ክፍል የሚደረግን ዝውውር እንደ ፕላን አድርጎ መያዙን የሚያሳይ በአገራችን የታወቀ ምሳሌ ነው። የአሠራሩ ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ስሙ ባይወጣም እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊታይ ይችል ነበር። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ የጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማረውን ተማሪ ፍሬው ሊታይ ሲል ያጣዋል።

በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ሐሳብ በሌላም አገር ነበረ። የሒሳብ ሊቁ አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ ካቋቋሙት ወገን የነበሩበትና እ.ኤ.አ. በ1963 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተከፈተው የፊዚክስና የሒሳብ አዳሪ ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ ተማሪ የሚያመጣው ለመጨረሻዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው የሰሜን ካሮላይና የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ቤት የመንግሥትና አዳሪ ሆኖ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ቦታውንም ሲመድብ የግዛቲቱ የምርጫ ወረዳዎች ሁሉ እንዲደርሳቸው ያደርጋል። በኒው ዮርክ ከተማ ያሉት ፈታኝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን የመግቢያ ፈተናውን የሚሰጡት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ገቢዎች ብቻ ነው። 11ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ በፈተናው አይገባም። እንግዲህ አንዱ አገር ዋና በር ያደረገውን ሌላው ዘግቶታል ማለት ነው።

ዘግይቶ መምረጥ ስለሚሰጠው ፍርድ

8ኛ ክፍል ላይ የሚደረግ ምርጫ የሚመዝነው ልጁን ብቻ አይደለም፤ ልጁ የተማረበትንም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጭምር ነው። በአማራ ክልል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በአማርኛ ሲሆን፣ 9ኛ ክፍል ላይ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። በከተማ፣ በተለይም በግል መዋዕለ ሕፃናት ፊደልንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን የጀመረ ልጅና ከብት እያገደ የተማረ የገጠር ልጅ በ8ኛ ክፍል መጨረሻ በአንድ የፈተና ወረቀት ሲመዘኑ ውጤቱ በከፊል የሚነግረን ማን ቀድሞ እንደ ጀመረ ነው። ሁለት ዓመት ሁለቱም በእንግሊዝኛ ከተማሩ በኋላ ግን ልዩነቱ ባይጠፋም ይጠብባል። ዘግይቶ የሚደረግ ምርጫ ለገጠሩ ልጅ የተሻለ ፍርድ ይሰጣል ብሎ ይህ ጸሐፊ የሚያምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ እንዲሆን ግን የምርጫው መለኪያ አብሮ መስተካከል አለበት። ከሁለት ትምህርት ቤቶች የመጡ ሁለት ተማሪዎች በካርዳቸው ላይ 88 እና 94 ቢኖራቸው ሁለተኛው ይበልጣል ለማለት አይቻልም፤ የመምህራን የማርክ አሰጣጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያልና። ይልቁን ተማሪው በራሱ ትምህርት ቤት ከስንት ተማሪዎች ስንተኛ ወጣ የሚለው አሐዝ የበለጠ ይናገራል። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሕግ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ከመቶ 10 ከፍተኛዎቹ ውስጥ ለሚገኙ ተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በር የከፈተው በዚሁ ሐሳብ ነው። ለእኛም ሁኔታ በቅድሚያ በየትምህርት ቤቱ በደረጃ መለየት፣ ቀጥሎም ለተለዩት አንድ ዐይነት ፈተና መስጠት ይሻላል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቀረ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ትምህርት ቤቶችን የሚያነጻጽር ሌላ የጋራ ሚዛን የለም።

ዝውውሩ በእርግጥ ይጠቅማልን?

ወላጆች ለዚህ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ይመስላቸዋል። ጥናቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት አብዱልቃድሮግሉ፣ አንግሪስትና ፓታክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በቦስተንና በኒው ዮርክ በመግቢያ ፈተና የሚመርጡትን ትምህርት ቤቶች መርምረዋል። የመቁረጫውን ነጥብ ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የወደቁትን ሲያነጻጽሩ፣ መግባት በኋላ ውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ሆኖ አገኙት። በዚያው ዓመት ሉካስና ምቢቲ የኬንያን ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ መንገድ መርምረው ተቀራራቢ ነገር ጽፈዋል። የታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ውጤት የሚያምረው በአብዛኛው የገቡት ልጆች ቀድሞውኑ ጎበዞች ስለሆኑ ነው ማለት ነው።

ይህ ግኝት በቀጥታ ወደ ሀብሩ ሊወሰድ ይችላልን? በጥንቃቄ መታየት አለበት። በእነዚያ ጥናቶች ለጥቂት የወደቀው ልጅ የሚቀርበት ትምህርት ቤት ባዶ አይደለም። በእኛ አገር ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠ ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶችም 1,161 አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአላፊዎቹ ቊጥር በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። በዚህ ሁኔታ ዝውውር ማለት ከጥሩ ወደ በጣም ጥሩ መሄድ ላይሆን ይችላል። የፊዚክስ መምህር ከሌለበት መምህር ወዳለበት መሄድ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መምህሩና ፕላን አውጪው ሊጠይቁት የሚገባው የሚቀበለው ትምህርት ቤት ምን ያህል ዝና አለው ሳይሆን፣ የሚልከው ትምህርት ቤት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ምን ይጐድለዋል የሚለውን ነው። መምህራኑ የተሟሉ ከሆነ ልጁን ከቤቱ ማራቁ ትርፉ ያጠራጥራል።

ከትርፉ ላይ የሚቀነስም አለ። በመርሳ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ በአዲሱ ትምህርት ቤት ሃያኛ ወይም ሠላሳኛ ይሆናል። ኸርበርት ማርሽ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት፣ እኩል ችሎታ ካላቸው ተማሪዎች መካከል ጎበዞች በበዙበት ትምህርት ቤት የሚማረው ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ይህን ለመልመድ አራት ዓመት አለው። 12ኛ ክፍል ላይ የገባ ግን ገና ሳይለምድ ፈተናው ይደርስበታል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት 11ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የሚደረግ ዝውውር ሊበረታታ፣ በ12ኛ ክፍል የሚደረገው ግን የመምህር እጦትን ወይም መፈናቀልን ለመሳሰለ ብርቱ ምክንያት ካልሆነ በቀር ሊቀር ይገባዋል። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚለየውም 11ኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ጊዜው ይገጥማል።

ስለ አፈጻጸሙ

የተዛወረው ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቸገረው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በመዝለል ነው። ሥርዐተ ትምህርቱ አንድ ቢሆንም አካሄዱ አንድ አይደለም፤ አንዱ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪን ጨርሶ ሲሻገር ሌላው በሁለት ምዕራፍ ይቀራል። የቤተ ሙከራ ዕቃ በሥዕል ብቻ ያየ ልጅ ቢውሬት ያዝ ሲባል ቢያመነታ ስንፍና ተደርጎ ሊወሰድበት አይገባም። የሚቀበለው ትምህርት ቤት መደበኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ለአዲስ ገቢዎች ብቻ ቢመድብ፣ በመጀመሪያም የትኛው ምዕራፍ እንዳመለጣቸው በአጭር ፈተና ቢለይ፣ ወጪው ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ይህ የሚቻለው ደግሞ ዝውውሩ በክረምት ሲጠናቀቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚደርስ ተማሪ ይህን ዕድል አያገኝም።

የመኝታው ጉዳይም ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም። ለሴት ተማሪ በማታውቀው ከተማ ክፍል ተከራይቶ መኖር የሚያስከትለው ስጋት ብዙ ወላጆችን እምቢ ያሰኛል፤ እምቢታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። አዳሪ ቤት የሌለው የዝውውር ፕላን በተግባር የወንዶችና የከተሜዎች ፕላን ሆኖ ይቀራል።

የሚልከውን ትምህርት ቤት በተመለከተ፣ ዲሬክተሮች ጥሩ ተማሪያቸውን መሸኛ ለመስጠት ሲያንገራግሩ ማየት የተለመደ ነው። ቅሬታቸው ሊናቅ አይገባም። ዲሬክተሩ የሚመዘነው በ12ኛ ክፍል ውጤት ሆኖ ሳለ፣ ከመቶ ተማሪ ሊያልፉ የሚችሉት አራቱ ቢሄዱበት የትምህርት ቤቱ ስም በሚቀጥለው ዓመት ከማያሳልፉት ተርታ ይገባል። የተዛወረ ተማሪ ውጤት ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ቢመዘገብ፣ ላኪው ዲሬክተር ልጁን የሚደብቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ከአንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት የሚወሰደው ቊጥርም ወሰን ቢኖረው የቀሩት ተማሪዎች አብረው የሚያጠኑትን ጓደኛ ሁሉ አያጡም።

በመጨረሻ ስለ ማስረጃ ወረቀቶች ጥቂት መባል አለበት። በዚህ አካባቢ ጉዳዩ ተራ የጽሕፈት ቤት ነገር አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን ባካተተባቸው ወራት ትምህርት ተቋርጧል፣ ትምህርት ቤቶችም ተጐድተዋል። የአካባቢው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከሌሎች ጋር በአንድ ጊዜ መፈተን ስላልቻሉ በሁለተኛ ዙር ተፈትነዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም በብዙ ቦታ ትምህርትን አቋርጧል። መዝገብ በጠፋበት ቦታ ልጁ የተማረውን ቢያውቅም ማስረዳት አይችልም፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤትም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ሳያይ ሊመዘግበው ይቸገራል። ስለዚህ የየክፍሉ ውጤት ሰኔ ላይ እንደ ተዘጋ አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ አንድ ቅጂ መርሳ በሚገኘው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ቅጂ ወልድያ በዞኑ መምሪያ ሊቀመጥ ይገባል። ማኅተም ያረፈበት አራተኛው ቅጂ ደግሞ በየዓመቱ ለወላጅ ቢሰጥ፣ ልጁ በየትኛውም ጊዜ ወደ የትኛውም ትምህርት ቤት ሲሄድ ይዞት ሊቀርብ ይችላል።