ሽታው ከየት ይመጣል? በቤት ውስጥ የሚሰነብት የፍሳሽ ሽታን ፈልጎ ስለማግኘትና ስለማስወገድ

በዘንዘልማ ግቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፣ ጽሑፋዊ ቅጂ



የዛሬው ርእስ በጉባኤ መካከል ሲነሣ ፈገግ የሚያሰኝ፣ በገዛ ቤት ሲከሠት ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ሳይታሰብ ስለሚመጣ፣ ቢያጸዱት ስለማይለቅ፣ ጠፋ ሲሉት ስለሚመለስ የፍሳሽ ሽታ እናገራለሁ። ጉዳዩን ለቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ያልተውሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስና ባዮሎጂ በቤታችን ወለል ላይ ሲሠራ የሚታይበት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ሽታውን በተሳሳተ መንገድ ማሳደድ ሕይወት ያስከፍላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ሽታን የደበቀ ቤትም ዕጣው ይኸው ነው። ሽታ መረጃ ነው፤ በዕጣን ወይም በሽቶ ስንሸፍነው ምንጩን የሚጠቁመንን ምስክር ዝም እናሰኛለን። የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው።

ሽታው ምንድን ነው?

በሴፕቲክ ታንክም ሆነ በተራ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ ልዩ ልዩ ጋዞች ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ሜቴን ሲሆን ሽታ የለውም፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። አፍንጫችን ይህን ጋዝ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል አንዱን እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል። ይሁን እንጂ መጠኑ ወደ 100 ክፍል ሲጠጋ የማሽተት ኃይላችን በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ ከ500 በላይ ሲሆን ደግሞ ሰውን በአጭር ጊዜ ራሱን አስቶ ሊገድል ይችላል። በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የምናሸተው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ቢሆንም ይህን እንያዝ፦ ሽታው አልተሰማኝም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም።

ከውሃ የተሠራ በር

ቤታችንን ከጉድጓዱ የሚለየው በር ብረትም ሲሚንቶም አይደለም፤ ውሃ ነው። በእያንዳንዱ የእጅ መታጠቢያ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የሻወር ወለልና የሽንት ቤት መቀመጫ ሥር፣ ቧንቧ ሠራተኞቻችን ሲፎን የሚሉት የታጠፈ ቧንቧ ሊኖር ይገባል። በእጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ቆሻሻው እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ ጋዙ እንዳይመለስ ግን ይከለክላል። ይህን የመሰለ እጥፋት ያለበትን መጸዳጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1775 በለንደን በስሙ ያስመዘገበው አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም የውሃው በር ያው ነው።

በሩ ግን ቀጭን ነው። የተለመደው የውሃ ጥልቀት 50 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሚቋቋመው የግፊት ልዩነት 500 ፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 81,000 ፓስካል ይጠጋል። እንግዲህ ከዚህ ግፊት አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ለውጥ በሩን ለመስበር ይበቃል ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ በቀሰም የሚጠጣ ሕፃን ከዚህ የበለጠ ኃይል ይጠቀማል።

ውሃው በአራት መንገድ ይጠፋል። የመጀመሪያው ትነት ነው፤ ለሳምንታት ውሃ ያልፈሰሰበት ሲፎን ይደርቃል። ሁለተኛው መመጠጥ ነው፤ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ በቧንቧው ሲወርድ ከኋላው አየር ይስባል፣ የማስተንፈሻ ቧንቧ ከሌለ ደግሞ አየሩን የሚስበው ከሲፎኖቹ ነው። ሦስተኛው ስንጥቅ ወይም የላላ ማያያዣ ነው። አራተኛው ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነው፤ በሲፎኑ አፍ ላይ የተንጠለጠለ የፀጉር ወይም የጨርቅ ክር እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ቀስ በቀስ ስቦ ያወጣዋል።

በእኛ አካባቢ ለምን ይበዛል?

በአዲስ አበባ ከማእከላዊ የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኙ ሰፈሮች ፍሳሻቸው እንደ ቃሊቲ ወዳለ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ግን የአብዛኛው ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀመው በገዛ ግቢው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጋዙ የሚመረተው ከመኝታ ቤታችን በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሦስት የአካባቢ ሁኔታዎች ይታከላሉ። በጋው ረጅምና ደረቅ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲቆራረጥ ሻወሩ ይቀርና በባልዲ እንታጠባለን፤ የወለሉ ሲፎን ግን ውሃ ሳያገኝ ይሰነብታል። በክረምት ደግሞ ለሐይቁና ለወንዙ በቀረቡ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል ጉድጓዱ ፈጥኖ ይሞላል፤ በውስጡ የነበረው ጋዝም ወደ ቤት ይገፋል። ስለዚህ በሚያዝያ የሚመጣ ሽታና በነሐሴ የሚመጣ ሽታ ምንጫቸው ሊለያይ ይችላል። ነፋሱም እንዲሁ ነው፤ በቀን ከጣና ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ጣና የመንፈስ ዝንባሌ ስላለው፣ ከጉድጓዱ ወይም ከማስተንፈሻው የሚወጣው ሽታ በአንዱ ሰዓት ወደ መስኮታችን፣ በሌላው ሰዓት ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

የፍለጋው ሥርዓት

ፍለጋው እንደ ማንኛውም ምርምር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ውጤቱም ይመዘገባል።

አንደኛ፣ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ሽታው በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን በኋላ ይመጣል? የሽንት ቤት ውሃ ከተለቀቀ፣ ልብስ ከታጠበ ወይስ ዝናብ ከዘነበ በኋላ? አፍንጫ ስለሚለምድ ከመፈተሻችሁ በፊት ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ውጡ፤ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ገና ከውጭ የገባ እንግዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሳሽ ያልሆነውን ለዩ። የሞተ አይጥ በኮርኒስ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የማብሰያ ጋዝም መፍሰሱ እንዲታወቅ ተብሎ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል፤ ይህ ከተጠረጠረ እሳትም የኤሌክትሪክ ማብሪያም ሳይነካ መስኮት ይከፈት፣ ሲሊንደሩ ይዘጋ። የሚሸተው ውሃው ራሱ እንደ ሆነም መርምሩ፤ ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድታችሁ ደጅ አውጥታችሁ አሽትቱት።

ሦስተኛ፣ በቤቱ ውስጥ ባለ እያንዳንዱ የፍሳሽ አፍ አንድ ሊትር ያህል ውሃ አፍስሱ፤ ከልብስ ማጠቢያው ኋላና በሰርቪስ ቤቱ ያለውን እንዳትዘነጉ። ሽታው ጠፍቶ ለቀናት ካልተመለሰ ምክንያቱ ድርቀት ነበር። በሰዓታት ውስጥ ከተመለሰ ግን አንዱ ሲፎን ውሃውን እየለቀቀ ነው፣ ወይም ከመነሻው ሲፎን የለም።

አራተኛ፣ በባትሪ መብራት ወደ ወለሉ አፍ ተመልከቱ። ብርሃኑ በውሃ ላይ ካንጸባረቀ በሩ አለ። ውሃ አፍስሳችሁም ደረቅና ጨለማ ቧንቧ ብቻ ከታየ፣ የወለሉ ወንፊት በቀጥታ በቧንቧው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጥድፊያ በበዛበት ግንባታ ይህ ጉድለት ከወለሉ ንጣፍ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል።

አምስተኛ፣ አንድ ሰው የሽንት ቤቱን ውሃ ሲለቅ ሌላው የወለሉን አፍና የእጅ መታጠቢያውን ያዳምጥ። የጉርጉርታ ድምፅ ወይም አረፋ ከታየ ሲፎኑ እየተመጠጠ ነው፤ የጎደለው የማስተንፈሻ ቧንቧ ነው።

ስድስተኛ፣ ምንጩ አሁንም ካልታወቀ አፎቹን ሁሉ በፕላስቲክና በፕላስተር ሸፍናችሁ በየሌሊቱ አንዱን ብቻ ክፈቱ። ሁሉም ተሸፍነው ሳለ ከሸተተ ጥፋቱ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር፣ በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ኮርኒስ ውስጥ ባበቃ ማስተንፈሻ ወይም ከውጭ በመስኮት በሚገባ አየር ነው። መቀመጫውን በሁለት እጅ ነቅንቁት፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መጋጠሚያው ተከፍቷል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቧንቧ ሠራተኞች የናና ዘይትና ሙቅ ውሃ ከጣሪያ በማስተንፈሻው ያፈሱ ነበር፤ የናናው ጠረን በቤት ውስጥ የወጣበት ቦታ የስንጥቁ ቦታ ነው። ያፈሰሰው ሰው ግን ጠረኑን በልብሱ ይዞ እንዳይገባ ፍተሻው እስኪያበቃ ጣሪያ ላይ ይቆይ ነበር። ዘዴው ዛሬም ይሠራል።

ጥገናው

መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ነው። ለድርቀት በየሳምንቱ አንድ ሊትር ውሃ ይበቃል። ቤቱን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ለሚሄድ ሰው በውሃው ላይ ጥቂት የማዕድን ዘይት ማፍሰስ ትነቱን ያዘገያል፤ የምግብ ዘይት ግን ሊሻግት ይችላል። ሲፎን ለሌለው ወለል ንጣፉን ሰብሮ ሲፎን ከማስገባት የተሻለ መፍትሔ የለም፤ እስከዚያው የጎማ መዝጊያ ያለው ማስገቢያ ይረዳል። ለተመጠጠ ሲፎን ከጣሪያ በላይ የሚያልፍ፣ ከመስኮት የራቀ፣ የወፍ ጎጆ እንዳይዘጋው በወንፊት የተሸፈነ ማስተንፈሻ ይተከላል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን ደርቦ ማስገባት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን በመካከላቸው አየር አፍኖ ፍሰቱን ያውካል። የላላ መቀመጫ ተነሥቶ መጋጠሚያው ይታደሳል፤ በዙሪያው ሲሚንቶ መለጠፍ ስንጥቁን መሸፈን ብቻ ነው። የሞላ ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና ይመጠጣል።

ሊደረግ የማይገባው

ሽታውን በኬሚካል ለማጥፋት በረኪናን ከአሲድ ጋር የሚያፈስሱ አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ብዙ በረኪና ማፍሰስም በታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ከሁሉ በላይ፣ ማንም ሰው ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ማንሆል አይውረድ፤ ክብሪት ጭሮም አይመልከት። በዚህ ዓይነት አደጋ ደጋግሞ የሚታየው ሐዘን የሁለተኛው ሰው ሞት ነው፤ የወደቀውን ለማውጣት ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ሳያመነታ ይገባል፣ እሱም አይወጣም። በቀን ሥራ ጉድጓድ እንዲጠርግ የሚጠራው ወጣት «ሽታው ቀሏል» ብሎ ቢነግራችሁ፣ የቀለለው አፍንጫው ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ከሽታው ባሻገር

እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ግማት የእንግሊዝን ፓርላማ አስጨንቆ ለንደን ትልቁን የፍሳሽ መስመሯን እንድትሠራ ገፋፋ። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች በሽታን የሚያመጣው ሽታው ራሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ ስሕተት መሆኑን፣ ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ፣ ጆን ስኖው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ከዚህ ተነሥተን ሽታ ምንም አይደለም እንዳንል ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በሆንግ ኮንግ የሆነው ይመክረናል። አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች በሳርስ ተያዙ፤ መርማሪዎች ከጠቆሟቸው የመተላለፊያ መንገዶች አንዱ የደረቁ የወለል ሲፎኖች ነበሩ። ሽታው በሽታ አይደለም፤ ሽታ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ሌላም ነገር ያሳልፋል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ዛሬ ማታ በምትኖሩበት ክፍል ወይም ቤት ያለውን የወለል አፍ በባትሪ መብራት ተመልከቱት። ውሃ ካያችሁ በሩ ተዘግቷል። ካላየችሁ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱ፤ ነገም ተመልሳችሁ እዩት።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።