የአባዬ ፒክአፕ፣ የእማዬ ጣት

ግቢዎ ውስጥ ካኖፒ የለበሰ ፒክአፕ ካለ፣ ንባቡን ከመቀጠልዎ በፊት ወጣ ብለው አንድ ነገር ይሞክሩ። የኋላውን የመስታወት በር ይክፈቱና እስከ ግማሽ ድረስ ካነሱት በኋላ ቀስ ብለው ይልቀቁት። ፊትዎንና እጅዎን ግን ገለል ያድርጉ። በሩ ባለበት ከቆመ ወይም በራሱ ወደ ላይ ከሄደ እግዚአብሔርን አመስግነው ይመለሱ። ወርዶ ‘ዷ!’ ካለ ግን እርስዎና እኛ ቤት የአንድ ችግር ልጆች ነን።

የእኛ ቤት መኪና ሀይሉክስ ደብል ጋቢና ነው። አባዬ ከታናሽ ወንድሜ መወለድ በፊት ነው ወልድያ ያስገባው። ካኖፒው ደግሞ ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ነጭ፣ ግራና ቀኙ ላይ መስኮት ያለው፣ እንደ መኪናው ያረጀ ነገር ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ሆኗል። መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሲሪንቃ በኩል አልፈው ወደ ቆላው ሲጠጉ ሙቀቱ በመስኮት ይቀበልዎታል። አክስቴ ሀብሩ ውስጥ የማንጎና የፓፓያ ማሳ አላት። በወቅቱ አባዬ በሳምንት አንዴ ወርዶ ፍሬውን ይጭናል፤ ከፊሉ ይሸጣል፣ ከፊሉ ለጎረቤትና ለዘመድ ይከፋፈላል። እማዬም አብራው ትሄዳለች። ጉዞው ለሁለቱም ከፍራፍሬ በላይ መሆኑን የገባኝ ሲቀር ነው።

የቀረው እንዲህ ነው። መርሳ ላይ እማዬ ከኋላ ሆና ባዶ ሣጥን ስታወጣ የመስታወቱ በር ከላይ ለቀቀና ቀኝ እጇ ላይ ወረደ። ጣቷ አልተሰበረም፤ ግን ጥቁር ሆኖ አብጦ፣ ቀለበቷ በሳሙና እንኳን አልወጣ ብሎ በመቁረጫ ተቆረጠ። አርባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ የቃል ኪዳን ቀለበት! «እኔ ከዚያ በር ጋር ተጣልቻለሁ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መርሳ አልወረደችም። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሠርግ መጣና የድንኳን ብረት ለመጫን ካኖፒው መውረድ ነበረበት። አባዬ ከሦስት የሰፈር ልጆች ጋር ሆኖ ሲያወርድ ወገቡ ያዘው። ሠርጉን ያሳለፈው ፍራሽ ላይ ተኝቶ ነው።

ቤተሰብ ተሰበሰበ፤ ወንድሜ «መኪናው ይሸጥ» አለ። አባዬ ግድግዳውን እያየ ዝም አለ። ያንን ዝምታ ካየሁ በኋላ ነው እኔ፣ ቢዝነስ ተምሬ ማርኬቲንግ የምሠራው ልጅ፣ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር የጀመርኩት።

በነገራችን ላይ ይህን በሙያዬ አይቼዋለሁ፦ ዕቃ ስንሸጥ ስለ መልኩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጥንካሬው እናወራለን። «ይህ ነገር በስንት እጅ ይከፈታል? የስልሳ ዓመት ሰው ይችለዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን እምብዛም አያጋጥምም። ካኖፒ ሲገዙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነበር።

በሩን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆመው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቀጫጭን የጋዝ አሞርዛተሮች ናቸው። በውስጣቸው በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅንና ጥቂት ዘይት አለ። ዕድሜ ሲጫናቸው ጋዙ በማሸጊያው በኩል ቀስ በቀስ ያመልጣል። ድካሙ ቶሎ አይታወቅም፤ ምክንያቱም ዛሬ በመጠኑ ይደክማል፣ ነገ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል፣ እኛም በጭንቅላታችን፣ በትከሻችን፣ አንዳንዴም በመጥረጊያ እንጨት እየደገፍን እንለምደዋለን። የእኛ ቤት መጥረጊያ እንጨት መኪናው ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ አላውቅም።

ለእኛ አካባቢ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። መርሳ ላይ በ30 ዲግሪ ሙቀት በሩን የያዘ አሞርዛተር፣ በድልብ ዳገት ወጥቶ ጋሸና ላይ በማለዳ በ5 ዲግሪ ሲደርስ ከጉልበቱ 8 በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ ከሆነ ልዩነቱን ልብ አይሉትም፤ ጫፍ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን ቆላ ላይ ያመኑት በር ደጋ ላይ ይከዳዎታል። ስለዚህ ወደ ላሊበላ ከቤተሰብ ጋር የሚወጡ ከሆነ ሙከራውን በማለዳ፣ መኪናው ፀሐይ ሳይመታው ያድርጉት።

አሞርዛተሩ ሰውነት ላይ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ 150 ኤን፣ 200 ኤን የመሳሰለ። ኤን ኒውተን ማለት ነው፤ 10 ኒውተን በግምት የ1 ኪሎ ክብደት ነው። ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ርዝመቱም፣ ጫፉም፣ ቁጥሩም አንድ መሆን አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ «ጠንካራውን ስጠኝ» ብዬ የሰጡኝን ይዤ መጣሁ። በሩ እንደ ፈረስ ተስፈንጥሮ ሲከፈት ሁላችንም ሳቅን። በሦስተኛው ቀን ግን መስታወቱ ላይ የተያዘው ማጠፊያ ተነቃነቀ። ከመጠን በላይ የጠነከረ አሞርዛተር በሩን ለመዝጋት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ መስታወቱንም ማጠፊያውንም ሌት ተቀን ይገፋል። መለስኩት፤ ባለሱቁ አልተቀበለኝም። እስካሁን ቁም ሣጥኔ ላይ አለ።

ቁጥሩ የጠፋ ከሆነ በግምት ማስላት ይቻላል። በሩ 12 ኪሎ ቢሆንና የክብደቱ መሃል ከማጠፊያው 25 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ አሞርዛተሮቹም ከማጠፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው የሚገፉ ቢሆን፣ ሁለቱ አንድ ላይ 300 ኒውተን፣ እያንዳንዳቸው 150 ያህል ያስፈልጋቸዋል፤ ትንሽ ጨምረው ይግዙ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ በሩ ይጣመማል። ሲገጠም በሩ በተዘጋ ጊዜ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች ይሁን፤ ውስጥ ያለው ዘይት ማሸጊያውን እያራሰ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሲፈቱም ሌላ ሰው በሩን ይያዝልዎት። አሮጌውን ደግሞ ለብየዳ ወይም ለልጆች መጫወቻ አይስጡ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ ግፊት ሊኖር ይችላል፤ ሲቆረጥ ወይም እሳት ሲነካው እንደ ጥይት ነው።

በሩ ራሱን መያዝ ሲጀምር ሁለተኛው ችግር ብቅ አለ፦ እጀታው። ለመክፈት አባዬ በጉልበቱ ይገፋል፣ ይጠመዝዛል፣ ይሳደባል። አንድ የወልድያ መካኒክ መጥቶ እጀታውን አልነካውም። ተንበርክኮ ካኖፒው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረባቸውን ማሰሪያዎች ያይ ጀመር። «እቴቴ፣ ቁልፉ ደህና ነው። ካኖፒው ነው የተጣመመው» አለኝ። ለካስ ባለፈው ሲመለስ በአንድ በኩል ያሉት ብሎኖች እስኪበቃቸው ጠብቀው፣ በሌላ በኩል ያሉት ላልተው ነበር። አካሉ ሲጣመም የበሩ ክፈፍም አብሮ ይጣመማል፤ ከእጀታው ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ሁለት ዘንጎች አንዱ ሲገባ ሌላው ይነክሳል። ሁሉንም ብሎን አላላ፣ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ በሰያፍ እያፈራረቀ፣ የግራ ፊት፣ የቀኝ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ኋላ እያለ በትንሽ በትንሹ አጠበቀ። እጀታው በሁለት ጣት ዞረ። አባዬ መጀመሪያ አላመነም፤ አምስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

የቀረው ጽዳት ነው። አቧራና አሮጌ ግራሶ ሲደባለቁ ሊጥ ይሆናሉ፤ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡት። ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አይጨምሩ፣ አቧራ ይሰበስባል፤ የእርሳስ ጥቁር ዱቄት ፍቀው ቁልፉ ላይ ቀብተው ደጋግመው ያስገቡ፣ ያውጡ። የበሩ ዙሪያ ጎማ በፀሐይ ተጣብቆ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ይቀቡት። ግራሶ ግን ጎማን ያሳብጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ፣ ወደ ማውረዱ። የፋይበር ግላስ ካኖፒ ለደብል ጋቢና ከ50 እስከ 90 ኪሎ ይመዝናል። ለአራት ሰው ሲካፈል ብዙ አይመስልም፤ ችግሩ ክብደቱ ሳይሆን አያያዙ ነው። እጅ ተዘርግቶ፣ ወገብ ጎብጦ፣ ከደረት በላይ አንስቶ ወደ ጎን መራመድ አለ። የአባዬን ወገብ የያዘውም ይኸው ነው።

አባዬ «ዛፉ ላይ በገመድ እናንጠልጥለው» የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ቅርንጫፉን ስናይ ተውነው። ከግቢያችን መግቢያ ላይ ለመኪና ጥላ የቆመ የብረት ማዕቀፍ ነበር። በያጁ መሃል ላይ ወፍራም ብረት ጨመረበት፣ እግሮቹን በሲሚንቶ አጠናከረ። ከዚያ ጋራዦች ሞተር የሚያወጡበትን በሰንሰለት የሚሠራ ማንሻ አንጠለጠልን። እሱ ከተወደደብዎ በገመድና በመዘውር፣ ጋራዥ ፑሊ በሚሉት፣ ይሠራል፦ ክብደቱን አራት ገመድ ሲሸከመው 80 ኪሎው በእጅዎ 20 ኪሎና ትንሽ ሰበቃ ይሆናል። ለዚህ የሚከፍሉት ትዕግሥት ነው፤ ካኖፒውን 1 ሜትር ለማንሳት 4 ሜትር ገመድ ይስባሉ። ገመዱን ሲያርፉ የሚይዝ መቆለፊያ ግን የግድ ይኑረው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አስቀድሞ የፍሬን መብራቱ ሽቦ ይነቀላል። ድሮ ሽቦው በቴፕ የተቋጠረ ስለነበር በወረደ ቁጥር ይቆረጥ ነበር፤ አሁን መሃሉ ላይ ተሰክቶ የሚነቀል ሶኬት ገብቶለታል። ማሰሪያዎቹ ብሎን ላይ የነበሩትን ዳዶዎች በእጅ በሚዞሩ፣ ጆሮ ባላቸው ዳዶዎች ቀየርናቸው፤ ከሥራቸው የስፕሪንግ ዋሸር አለ። ያም ሆኖ ኮረኮንች ያላላቸዋል፤ አባዬ መርሳ ሲደርስ አንዴ ይነካካቸዋል። «ሌባስ?» ላሉኝ፣ ዳዶዎቹ ከውስጥ ናቸው፤ በሩ ከተቆለፈ አይደረስባቸውም። ቀጥሎ ሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ በካኖፒው የታች ከንፈር ሥር ያልፋሉ። ከላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ይዞ ማንሳት የለም፤ ጣሪያውን ይሰነጥቃል። 10 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ ይቆማል፤ ዙሪያው ይታያል፣ የተረሳ ብሎን ወይም ሽቦ ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ወንድሜ መኪናውን ቀስ አድርጎ ያወጣዋል፣ ካኖፒውም ወርዶ አራት አሮጌ ጎማዎች ላይ ይቀመጣል። ከተንጠለጠለ ነገር ሥር ማንም አይገባም፤ ዶሮዎቹን ጨምሮ። አየር ላይ አንጠልጥሎ ማሳደርም የለም፤ ነፋስ እንደ ጀልባ ሸራ ይገፋዋል።

ዋጋውን አልጽፍም፤ መጽሔቱ ታትሞ እጅዎ እስኪገባ ይለወጣል። አሞርዛተሩና ዳዶዎቹ ቀላል ናቸው፤ ገንዘብ የበላው ብረቱና ብየዳው ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። በሩ ስለቀለለ ልጆችን ከኋላ አይጫኑ። ረጅም ዕቃ ጭነው በሩን ክፍት አድርገው ሲነዱም የጭስ ማውጫው ጢስ ወደ ካኖፒው ውስጥ ተመልሶ ይሳባል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይገባል። ሰው እዚያ የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም።

ባለፈው የማንጎ ወቅት እማዬን «እስቲ ሞክሪው» አልናት። ግቢው ውስጥ ሳትፈልግ መጣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በግራ እጇ እጀታውን አዞረች። በሩ ቀስ ብሎ ከራሷ በላይ ወጣና ቆመ። ጎንበስ ብላ አሞርዛተሩን አየችው፣ በሩን ወደ ታች ገፋ አደረገችው፣ ተመልሶ ወጣ። «እንዲህ ነው እንዴ ይሠራ የነበረው?» አለችው አባዬን። እሱ መልስ አልነበረውም።

ቅዳሜ አብረው ወረዱ። ማታ ሲመለሱ ከኋላ ስድስት ሣጥን ማንጎ ነበር፤ እማዬ ራሷ ከፍታ አወረደችው። ቀለበቱ ወርቅ ሠሪው ጋር ነው። መጥረጊያ እንጨቱን ደግሞ አባዬ አላስጥልም ብሎ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጦታል።