ለጊዜው የሚቆይ ንቅሳት፤ በአንድ ስም ስለሚሸጡ ሦስት ልዩ ልዩ ዕቃዎች

ንቅሳት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜኑ ክፍል ብዙ እናቶች አንገታቸውን ወይም ግንባራቸውን፣ አንዳንዶቹም ድዳቸውን ተነቅሰው ይታያሉ። ይህ በመርፌ እየተወጋ የሚገባ ቀለም ከተነቃሹ ጋር የሚኖር ነው። ለጥቂት ቀን አምሮ የሚጠፋ ጌጥም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ አለ። ሴቶች ለዓመት በዓልና ለሠርግ እንሶስላ ሲሞቁ ኖረዋል፤ በሐረር፣ በድሬዳዋና በሱማሌ ክልል ደግሞ ሂና የሙሽራ ወግ ነው።

በዚህ ዘመን ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ሌላ ዕቃ ወደ ገበያ ገብቷል። ይኸውም ማንም ሰው የፈለገውን ሥዕል ወይም ጽሕፈት በቤቱ አትሞ በቆዳው ላይ የሚለጥፍበት ወረቀት ነው። ዕቃው በልደት፣ በሠርግ፣ በትምህርት ቤት በዓልና በእግር ኳስ ግጥሚያ ጊዜ የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የመዋቢያ ነጋዴዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው። ነገር ግን «ለጊዜው የሚቆይ ንቅሳት» በሚለው በአንዱ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች በባሕርያቸው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ቆዳን የሚያቀላ ቅጠል ነው፤ ሦስተኛው ግን ለጠጕር የተሠራ ብርቱ ኬሚካል ሲሆን በሂና ስም ይሸጣል። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ ነጋዴ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የደንበኛውን ጤናና የሱቁን ስም ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል።

በቤት የሚታተመው ወረቀት

የወረቀቱ አሠራር ይህን ይመስላል። ከሥር ያለው ወረቀት ውኃ ሲነካው በሚሟሟ ስስ ልባስ የተቀባ ነው። ሥዕሉ በዚህ ልባስ ላይ ይታተማል፤ በሥዕሉ ላይ ሙጫ ይደረጋል፤ ሙጫውም አቧራ እንዳይዘው በሚላጥ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ልጆች ከማስቲካ ጋር የሚያገኙት ሥዕል በዚሁ መንገድ በፋብሪካ የተሠራ ነው።

ለቤት ሥራ የሚሸጠው ዕቃ ይህንኑ በሁለት ከፍሎ ያቀርባል። በአንድ እሽግ ውስጥ የሚታተምበት ወረቀትና ለብቻው የተዘጋጀ የሙጫ ገጽ ይገኛሉ። መጠናቸው ብዙውን ጊዜ ኤ4 የሚባለው፣ ማለት 210 በ297 ሚሊሜትር የሆነው ነው። ሥራውም በሚከተለው ተራ ይፈጸማል።

በመጀመሪያ ሥዕሉ በኮምፒዩተር ላይ ይዘጋጅና በመስተዋት እንደሚታይ ሆኖ፣ ቀኙ ወደ ግራ ተገልብጦ ይታተማል። ከታተመ በኋላ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ይቆያል። ቀጥሎ የሙጫው ገጽ ከአንድ ወገን ተልጦ አየር ሳይገባበት በሥዕሉ ላይ ይለጠፋል። ከዚያም ሥዕሉ ዳር ዳሩን በመቀስ ይቆረጣል። የሚለጠፍበት ቆዳ ከቅባት መጽዳት አለበት፤ ቫዝሊን ወይም ቅቤ የተቀባ ቆዳ ሙጫውን አይቀበልም። በመጨረሻ የላይኛው ፕላስቲክ ይላጥና ወረቀቱ በቆዳው ላይ ተደፍቶ፣ ጀርባው በእርጥብ ጨርቅ 30 ሴኮንድ ያህል ይጫናል። ልባሱ በውኃው ሲሟሟ ወረቀቱ ተንሸራትቶ ይወጣል፤ ሥዕሉም በቆዳው ላይ ይቀራል። እንደ አያያዙ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ለማስለቀቅ የሕፃናት ቅባት ወይም አልኮል ይበቃል።

ባለ ሱቆች ከዚህ ዕቃ የሚመጣባቸው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች የተነሣ ነው።

አንደኛው ጽሕፈቱን ሳይገለብጡ ማተም ነው። አበባ ወይም ኮከብ ቢገለበጥም ባይገለበጥም ብዙ አያስነቅፍም። ስም ወይም የክለብ መጠሪያ የሚያትም ሰው ግን ፊደሉን አስቀድሞ ካልገለበጠው በቆዳው ላይ የሚወጣው ጽሕፈት የማይነበብ ይሆናል። ደንበኛውም ጥፋቱን በወረቀቱ ያሳብባል። ስለዚህ በእሽጉ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ መጨመር ለአስመጪው ትንሽ ወጪ ሆኖ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሁለተኛው የፕሪንተር ዓይነት ነው። ኢንክጄት የሚባለው ፕሪንተር ፈሳሽ ቀለም ይረጫል፤ ሌዘር የሚባለው ደግሞ ዱቄት ቀለምን በሙቀት አቅልጦ ያጣብቃል። ለኢንክጄት የተሠራ ወረቀት በሌዘር ውስጥ ቢገባ ልባሱ ቀልጦ መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ለሌዘር የተሠራው በኢንክጄት ቢታተምበት ቀለሙ ይፈስሳል። አስመጪው በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ዓይነቱን መግለጽ፣ ባለ ሱቁም ከመሸጡ በፊት ገዢው ምን ዓይነት ፕሪንተር እንዳለው መጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ለአገራችን ነጋዴ ከሁሉ የበለጠ አስፈላጊ ነው። የቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። በወረቀት ላይ ነጭ መስሎ የሚታየው ስፍራ የወረቀቱ ንጣት ነው፤ ወደ ቆዳ ሲተላለፍ ግን ነጭ የነበረው ሁሉ ባዶ ይሆንና የቆዳው መልክ ይታይበታል። የቀሩት ቀለሞችም ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ቀለሞች ናቸው። በነጣ ቆዳ ላይ ደምቆ የሚታይ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ውኃ ሰማያዊ በጠይም ቆዳ ላይ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በካታሎግ ላይ ያለው ፎቶግራፍ በነጣ ክንድ ላይ የተነሣ ሲሆን፣ ያንን አይቶ ብዙ ዕቃ ያዘዘ አስመጪ የማይሸጥ ክምችት ይዞ ሊቀር ይችላል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። በቤት ለሚታተመው ወረቀት ደንበኛው በጥቁርና በወፍራም መስመር የተሳለ ሥዕል እንዲመርጥ መምከር ነው። በፋብሪካ ታትሞ ለሚመጣው ደግሞ ከቀለሞቹ ሥር ነጭ ቀለም የተነጠፈበትን ማዘዝ ነው። ነጩ ንጣፍ ሌሎቹን ቀለሞች ተሸክሞ በማንኛውም ቆዳ ላይ ያሳያቸዋል። የወርቅና የብር መልክ ያላቸው ብልጭልጭ ሥዕሎችም በጠይም ቆዳ ላይ እጅግ ያምራሉ። ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ አስመጪው ብዛት ያለው ዕቃ ከማዘዙ በፊት ናሙና አስመጥቶ በራሱ ክንድ ላይ ቢለጥፍ ይበቃዋል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተራ የፕሪንተር ቀለም ለወረቀት እንጂ ለቆዳ የተሠራ አይደለም። በታተመው ቀለምና በቆዳው መካከል ሙጫው ቢኖርም፣ ዕቃው በዓይንና በከንፈር አጠገብ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ መለጠፍ የለበትም። ቆዳቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎችም አስቀድመው በትንሽ ቁራጭ ቢሞክሩ ይሻላል። ወረቀቱን ከእርጥበትና ከፀሓይ ማራቅም ያሻል፤ እርጥበት ልባሱን፣ ሙቀትም ሙጫውን ያበላሻል። ቆላ ከተማ ውስጥ ያለ ባለ ሱቅ ዕቃውን በመስኮት ላይ ደርድሮ ባያቆይ መልካም ነው።

ሂና

ሂና የሚገኘው በሳይንስ ስሙ ላውሶንያ ኢነርሚስ ከሚባለው ቁጥቋጦ ቅጠል ነው። ይህ ቁጥቋጦ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በሱዳን፣ በየመንና በሞሮኮ ይገኛል፤ በአገራችን ቆላማ ስፍራዎችም ይበቅላል። በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀው በሕንድ አገር በራጃስታን ግዛት የሶጃት ሂና ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ላውሶን ይባላል፤ መጠኑም በደረቀው ቅጠል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። የሂና ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚለው በዚሁ በላውሶን መጠን፣ በዱቄቱ ልመትና ቅጠሉ ከተፈጨ ወዲህ ባለፈው ጊዜ ነው።

ዱቄቱ በሎሚ ጭማቂ ወይም በሻይ ይቦካል፤ ጥቂት ስኳርም ይጨመርበታል። ቀለሙ እንዲወጣ ለበርካታ ሰዓት ከቆየ በኋላ በሾጣጣ ፕላስቲክ ተሞልቶ በቆዳ ላይ ይሳላል። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይነሣ ቢቆይ መልካም ነው። ሲነሣ የሚታየው መልክ ብርቱካናማ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ እየጠቆረ ሄዶ ቀይ ቡናማ ይሆናል። የሚይዘውም የላይኛውን የቆዳ ንጣፍ ስለ ሆነ፣ ቆዳው ሲታደስ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የሚደምቀው የእነዚህ ስፍራዎች ቆዳ ወፍራም በመሆኑ ነው።

ንጹሕ ሂና ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ሆኖም ሐኪሞች ለሕፃናት እንዳይደረግ ይመክራሉ፤ ምክንያቱም ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ጉድለት ባለባቸው ልጆች ላይ ላውሶን ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊሰባብር ይችላል።

«ጥቁር ሂና» የሚባለው

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ እንመጣለን። የሂና ቅጠል በተፈጥሮው ጥቁር ቀለም አይሰጥም። ደንበኞች ጥቁር ስለሚወዱና ሰዓታት መቆየት ስለሚሰለቻቸው፣ በብዙ አገሮች የጠጕር ማቅለሚያ ዱቄት ከሂና ጋር ተቀላቅሎ ወይም ለብቻው በቆዳ ላይ ይሳላል። በኬንያ ጠረፍ ይህ ፒኮ ይባላል። በውስጡ ያለው ኬሚካል ፓራፌኒሊንዲያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባለው ነው።

ፒፒዲ ለጠጕር ሲሆን በልክ ተመጥኖና ከሌላ ፈሳሽ ጋር ተዋሕዶ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይቀባል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በራስ ላይ በሚቀባው ውሕድ ውስጥ ከ2 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ ለቆዳ ሥዕል ግን አልተፈቀደም። በቆዳ ላይ የሚሳለው «ጥቁር ሂና» ሲመረመር ከዚህ ልክ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ፒፒዲን የዓመቱ ቀንደኛ የአለርጂ መንስኤ ብሎ ሰይሞታል።

ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ነጋዴውንም ደንበኛውንም ያታልላል። ሥዕሉ በተሳለ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ፣ መስመሩን ተከትሎ ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። ከዳነም በኋላ ጠባሳ ወይም የነጣ መስመር ሊቀር ይችላል፤ ለጊዜው ብሎ የተሳለው ሥዕል በዚህ ዓይነት የዕድሜ ልክ ንቅሳት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰውነቱ አንድ ጊዜ ፒፒዲን ከጠላ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠላው መሆኑ ነው። በልጅነቷ ለሠርግ የተሳለች ልጅ፣ አድጋ ጠጕሯን ባቀለመች ዕለት ፊቷ ሊያብጥና ትንፋሿ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህም በአውሮፓ በሚሸጡ የጠጕር ማቅለሚያዎች ላይ፣ የጥቁር ሂና ንቅሳት የአለርጂን አደጋ ሊያበዛ እንደሚችል የሚናገር ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል።

ባለ ሱቁ ዕቃውን ለመለየት የላቦራቶሪ ምርመራ ባያገኝም የሚከተሉትን ምልክቶች ይመልከት። ሻጩ ጥቁር መልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል ካለ ንጹሕ ሂና አይደለም። ተቦክቶ የተዘጋጀ ሂና ከማቀዝቀዣ ውጭ በጥቂት ቀን ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ በመደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆያል የሚባል ሾጣጣ እሽግ ሌላ ነገር የተጨመረበት መሆኑን ያሳያል። በላዩ ላይ የይዘቱ ዝርዝርና የአምራቹ አድራሻ የሌለበት ዕቃም መገዛት የለበትም። ጥቁር መልክ ለሚፈልግ ደንበኛ ጥቁር የወረቀት ሥዕል ማቅረብ ይቻላል። በደቡብ አሜሪካ ጃጉዋ ከሚባለው ፍሬ የሚሠራ፣ መልኩ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ ማቅለሚያም በዓለም ገበያ ይገኛል፤ ይህም ቢሆን የይዘቱ ዝርዝር ሳይታይ መታዘዝ የለበትም።

ስለ ማስመጣትና ስለ መላክ

በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ የሚለጠፉ ሥዕሎች በቁጥር 49.08፣ የጠጕር ማቅለሚያዎች ደግሞ በቁጥር 33.05 ሥር ይገኛሉ። የጠጕር ማቅለሚያን በሂና ወይም በሥዕል ስም ማስገባት ቀረጡን ከማዛባቱም በላይ ዕቃው በምን ላይ እንደሚውል ከገዢው ይሰውራል። የመዋቢያ ዕቃዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለ ሆኑ፣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ዕቃው የትኛውን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ከመሥሪያ ቤቱ ይረዳ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሂና ለመላክ የሚያስቡ ነጋዴዎችም አንድ ነገር ይወቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሂናን የፈቀደው ለጠጕር ማቅለሚያነት ብቻ ነው። በእሽጉ ላይ ለቆዳ ሥዕል ተብሎ የተጻፈበት ጭነት በመግቢያው ወደብ ሊያዝ ይችላል።

በጠቅላላው፣ ማንኛውም የትእዛዝ ደብዳቤ አራት ነገሮችን ቢይዝ የብዙውን ሰው ኪሳራ ያስቀራል፦ ወረቀቱ ለየትኛው ፕሪንተር እንደ ሆነ፤ በፋብሪካ የታተመው ሥዕል ነጭ ንጣፍ ያለው መሆኑ፤ የይዘቱ ሙሉ ዝርዝር፤ እንዲሁም ሂናው ከፒፒዲ የጸዳ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምርመራ ወረቀት። ይህን የምርመራ ወረቀት ለመስጠት የማይፈቅድ አቅራቢ ዋጋው የቱን ያህል ቢረክስ ዕቃውን አለመግዛት ይሻላል።