አኗኗር፣ አካባቢና አይቪኤፍ፦ ተረትና እውነታ

አይቪኤፍ የሴትን እንቁላልና የወንድን ዘር ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ አገናኝቶ፣ የተፈጠረውን ሽል ወደ ማህፀን የሚያስገባ ሕክምና ነው። በዚህ መንገድ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ተወለደች። በአዲስ አበባም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ሕክምናው ያለውን እንቁላልና ያለውን ዘር ያገናኛል እንጂ ጥራታቸውን አያድስም። ስለዚህ ጭስ፣ ሙቀት፣ ኬሚካልና ክብደት በውጤቱ ላይ ድርሻ አላቸው። በዚህ ዙሪያ ከሚነገረው ውስጥ ግን ሰውን ያለ ጥፋቱ የሚያስወቅስ ብዙ ነው።

ተረት፦ ራሷን መጠበቅ ያለባት ሴቷ ብቻ ናት።

እውነታ፦ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ በወንዱ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። የወንድ ዘር መፈጠር ከጀመረ አንስቶ በስሎ እስኪወጣ 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። በታኅሣሥ ለሕክምና የሚሰጠው ዘር መሠራት የጀመረው በመስከረም ነው፤ በመስከረም የተጨሰው ሲጋራ፣ ያለ ልክ የተጠጣው መጠጥ፣ የያዘው ከባድ ትኩሳት ሁሉ በታኅሣሡ ናሙና ላይ ሊታይ ይችላል። የዘር ፍሬዎች ከሆድ ውጭ የሆኑትም ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚፈልጉ ነው። ሳውና ማዘውተርና ላፕቶፕን ጭን ላይ አስቀምጦ መሥራት ይህን ቅዝቃዜ ይነሳቸዋል።

ተረት፦ የቴስቶስቴሮን መርፌ የወንዱን የመውለድ አቅም ያጠናክራል።

እውነታ፦ ያዳክመዋል። አንጎል በደም ውስጥ በቂ የቴስቶስቴሮን ሆርሞን እንዳለ ሲያይ ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የዘር ምርቱም ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቋረጣል። ለጡንቻ ማፈርጠሚያ የሚወሰዱ መሰል መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። መርፌው ከቆመ በኋላ ዘሩ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል።

ተረት፦ ሲጋራ የሚጎዳው ሳንባን ነው፤ ሺሻ ደግሞ ቀላል ነው።

እውነታ፦ ሴት ልጅ የምትወለደው የዕድሜ ልክ እንቁላሏን ይዛ ነው፤ የሲጋራ መርዝ ይህን ክምችት ያመናምነዋል። የሚያጨሱ ሴቶች የወር አበባቸው ከሌሎቹ ከ1 እስከ 4 ዓመት ቀድሞ ይቋረጣል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እንደሚለው፣ በአይቪኤፍ ለመፀነስም ከማያጨሱት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዙር ያስፈልጋቸዋል። በሺሻ ዕቃው ውስጥ ያለው ውሃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ባል ቤት ውስጥ የሚያጨሰውንም ሚስት ትተነፍሰዋለች።

ተረት፦ ኬሚካል ያመክናል የሚባለው ወሬ ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ላትሮፕ ከተማ ዲቢሲፒ የተባለ ጸረ ተባይ በሚመረትበት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ ከመካከላቸው ልጅ የሚወልድ እንደጠፋ አስተዋሉ። ሲመረመሩ ብዙዎቹ የዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ዘር አልነበረም፣ ወይም እጅግ ጥቂት ነበር። ከኬሚካሉ ሲርቁ ከፊሎቹ አገገሙ፤ ለረጅም ጊዜ የተጋለጡት ግን ሳይድኑ የቀሩ አሉ።

በየቀኑ የሚያጋጥመው የኬሚካል መጠን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በቦስተን በአይቪኤፍ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የጸረ ተባይ ቅሪት የሚበዛባቸውን አትክልትና ፍራፍሬ አብዝተው የሚመገቡ ሴቶች በሕክምናው ልጅ የመውለድ ዕድላቸው አነስ ብሎ አግኝቷል። ይህ ዝምድናን ያሳያል እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ አትክልት መተው አያስፈልግም። በደንብ ማጠብ፣ ትኩስ ምግብ በፕላስቲክ ዕቃ አለመያዝ፣ ጸረ ተባይ የሚረጭ ሰው ጓንትና መከላከያ ልብስ እንዲያደርግ ማድረግ ይበቃል።

ተረት፦ ወፍራም ሴት ካልከሳች ሕክምና መጀመር የለባትም።

እውነታ፦ ከመጠን ያለፈ ክብደት የእንቁላልን መውጣት ያዛባል፤ እርግዝናንም አደገኛ ያደርጋል። የእንቁላል መውጣት ችግር ላለባት ወፍራም ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የወር አበባዋን ሊያስተካክል ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ሕክምናቸው ለስድስት ወር ተላልፎ እንዲከሱ የተደረጉ ሴቶች በቀጥታ ሕክምና ከጀመሩት ይልቅ ብዙ ጤነኛ ልጅ አልወለዱም፤ ያለ ሕክምና የፀነሱት ግን በርክተዋል። ዕድሜዋ ለገፋ ሴት ለመክሳት ተብሎ የሚባክነው ወር ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያይል ይችላል።

ተረት፦ ሽሉ ከገባ በኋላ ከአልጋ የተነሳች ሴት ትጥለዋለች።

እውነታ፦ ማህፀን አፉ እንደተከፈተ ባዶ ማሰሮ አይደለም። ግድግዳዎቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው፤ ሽሉ በመካከላቸው ስለሚያርፍ መቆምም መራመድም አያወርደውም። ሴቶችን በዕጣ ለይተው ያነጻጸሩ ጥናቶች አልጋ ላይ መዋል አንዳች ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል።

ተረት፦ ሕክምናው የከሸፈው ስለተጨነቀች ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ግምገማ 14 ጥናቶችን፣ ከ3,500 በላይ ሴቶችን አካትቶ፣ ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀት በውጤቱ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አረጋግጧል። የተጨነቀች ሴት ማጽናኛ ይገባታል፤ ወቀሳ ግን በሐዘኗ ላይ ሌላ ሸክም ነው።

አኗኗርን ማስተካከል የዕድሜን ሥራ አይመልስም፤ በተዘጋ የማህፀን ቱቦ ላይም መድኃኒት አይሆንም። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት፣ ከ35 በላይ የሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካልፀነሰች ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ። ከሕክምናው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ሁለቱም ማጨስ ያቁሙ፤ ሴቷም በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ።