አንሶላው፣ ዩሪያው እና በረኪናው

በረኪናና አቼቶ አንድ ሳፋ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ይህን መጣጥፍ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ ይህቺን ይያዝ። ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው ምክር ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው፦ ሽንት የሚያመልጣቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ አንሶላቸውን በረኪና፣ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ በተዋሃዱበት ውሃ ዘፍዝፉት፣ ሽታው ድራሹ ይጠፋል። እናቷን ቤት ውስጥ የምታስታምም ጎረቤቴ ምክሩን አምና ሞከረችው። አረፋው ቡፍ ሲል “ሠራ” ብላ ጎንበስ አለችና ማሸት ጀመረች። ወዲያው ዓይኗን አቃጠላት፣ ጉሮሮዋን ያዛት፣ እያሳለች ወደ ደጅ ወጣች። ስታገኘኝ “ጋሼ፣ በረኪናው ጊዜው ያለፈበት ነው መሰለኝ” አለችኝ። በረኪናው ምንም አልሆነም። አሲድ ሲገጥመው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሟሟበት ውሃ ነው። አቼቶ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ)፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። ከሳፋ የሚወጣው መጠን ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ሳንባን ለመጉዳት ብዙ አያስፈልግም፣ አስም ያለበትን ሰው ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። አቼቶው ቢቀርም አደጋው አይቀርም። ውሎ ያደረ የሽንት ልብስ አሞኒያ አለበት፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፣ እነሱም ዓይንና መተንፈሻን ይለበልባሉ። ስለዚህ በረኪና የግድ ካስፈለገ የሚጨመረው ልብሱ ታጥቦና ተለቃልቆ ካበቃ በኋላ ነው፤ ያውም ነጭ ጥጥ ላይ ብቻ፣ ቀጥኖ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ። የጋቢ ጥለት ላይ ከደረሰ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ሱፍ ላይ ከደረሰ ክሩን ይበላዋል። አደጋው ከደረሰ ደግሞ ሳፋውን ለመድፋት አትታገሉ። ጥላችሁ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ሳቡ፤ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወ ጤና ተቋም ሂዱ።

ቤኪንግ ሶዳውን በአጭሩ ልለፈው። ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል የሚያረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ነው። አረፋው ሲያበቃ አሲዱም ሶዳውም ተጣፍተው፣ ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ያለበት ውሃ ነው። ሽታን የማስለቀቅ ኃይሉ ከተራ ውሃ እምብዛም አይሻልም።

ምክሩ የቆመበት ግምት ራሱ የተሳሳተ ነው። ሽታው ከሽንቱ ጋር አብሮ የመጣ፣ በኃይለኛ ኬሚካል ተመትቶ የሚወጣ ነገር ተደርጎ ተወስዷል። የምንማረርበት ሽታ ግን አብዛኛው ሽንቱ ከሰውነት ከወጣ በኋላ፣ ጨርቁ ላይ የሚመረት ነው። ይህን ያወቀ አስታማሚ ሳሙናና ጉልበት ይቆጥባል፤ አልጋ ላይ ያሉትንም ሰው ከመሳቀቅ ያድናል።

አዲስ ሽንት 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ ጠረኑም ለዘብ ያለ ነው። ከቀረው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዩሪያ ነው። ዩሪያ ሰውነታችን ከፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን የሚያስወግድበት መንገድ ሲሆን፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን 20 ግራምና ከዚያ በላይ ያስወጣል። ዩሪያ ራሱ ሽታ የለውም። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያም ሞለኪዩሉ ያው ነው፤ አንዱ በጉበት፣ ሌላው በፋብሪካ መሠራቱ ለውጥ አያመጣም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቮለር በ1828 ከሕያው አካል ውጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሠራው እንኳ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ማዳበሪያውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የግብርና ባለሙያ “ዩሪያውን አፈር አልብሱት” እያለ የሚወተውተው፣ እርጥብ መሬት ላይ ተገልጦ ከቆየ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ስለሚተን ነው። ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለ ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አንሶላው ላይ የሚካሄደው ይኸው ነገር ነው።

ዩሪኤዝ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዩሪያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ ግማሹ እስኪፈርስ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ዩሪኤዝ ባለበት ግን አንዷ የኢንዛይም ሞለኪዩል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ የዩሪያ ሞለኪዩሎችን ትሰነጥቃለች። ከእያንዳንዱ ዩሪያ ሁለት አሞኒያና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሥራው የሚሠራባት የኢንዛይሙ ክፍል ሁለት የኒኬል አተሞች ተቀምጠውባታል፤ ኒኬሉ የታወቀው በ1975 አውስትራሊያ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በፊት ኒኬል በኢንዛይም ውስጥ ሥራ እንዳለው የሚያውቅ አልነበረም።

ኢንዛይም ምን እንደሆነ ዓለም የተማረውም በዚሁ በዩሪኤዝ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር በአሥራ ሰባት ዓመቱ አደን ላይ ጓደኛው ተኩሶ መታውና ግራ እጁን አጣ፤ ግራኝ ስለነበር ሁሉን ነገር በቀኝ እጁ እንደ አዲስ ተማረ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ ዩሪኤዝን ለማጥራት ዘጠኝ ዓመት ለፋ። በ1926 ክሪስታሉን አገኘ፤ ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑንም አሳየ። ስመ ጥር የጀርመን ኬሚስቶች ለዓመታት አላመኑትም። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1946 ነው። እኔም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኢንዛይም በማጥናት ስለሆነ፣ ይህን ሰው ሳልጠቅስ ስለ አንሶላ ሽታ መጻፍ አይሆንልኝም።

ሰው ዩሪኤዝ አይሠራም። ኢንዛይሙን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ፕሮቲየስና ክሌብሲኤላ ከታወቁት ውስጥ ናቸው። አንጀት ውስጥ፣ ቆዳ ላይ፣ ትናንት በደንብ ሳይታጠብ የደረቀ የውስጥ ሱሪ ላይም ይገኛሉ። አንሶላው ሲርስ ውሃም ምግብም ሙቀትም አገኙ ማለት ነው። አሞኒያው እየበዛ ሲሄድ መጀመሪያ ለአሲድ የቀረበው ሽንት አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆናል፤ አልካላይን በሆነ መጠን ደግሞ አሞኒያው ውሃ ውስጥ መቆየቱን ትቶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሌሎች ባክቴሪያዎችም ክሬሶልንና ሰልፈር ያለባቸውን ውህዶች እያወጡ ሽታውን ያከብዱታል። ያው አልካላይን ቆዳንም ይልጣል፤ ስለዚህ ከአንሶላው ቀድሞ መታጠብ ያለበት አልጋ ላይ ያሉት ሰው ገላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ ጊዜ አያግኙ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ብዙ ቤት የረጠበውን አንሶላ በላስቲክ ከረጢት አስሮ የውሃውን ቀን ይጠብቃል። የታሰረ ከረጢት እርጥበቱን ይዞ ያቆያል፤ ለዩሪኤዝ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። ከጀሪካን በተቀዳ ትንሽ ውሃ እዚያው ወዲያው ለቅልቆ፣ ጨምቆ፣ ገመድ ላይ ጣል ማድረግ ይሻላል። ዩሪያው ከወጣ ባክቴሪያው ቢኖርም አሞኒያ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ የለውም።

ውሃ ካጠረ ደግሞ ይህን ስሌት አስቡት። የተጨመቀው አንሶላ አንድ ሊትር ሽንት ይዞ ቀረ እንበል፤ ያላችሁ ውሃ ዘጠኝ ሊትር ነው። ዘጠኙንም ባንዴ ብታፈሱና አሽታችሁ እንደገና አንድ ሊትር እስኪቀር ብትጨምቁ፣ ልብሱ ላይ የሚቀረው ዩሪያ አንድ አሥረኛ ነው። ያንኑ ውሃ ሦስት ሦስት ሊትር አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ብትለቀልቁና በየመሃሉ ብትጨምቁ ግን፣ በየዙሩ አንድ አራተኛ እየቀረ መጨረሻ ላይ ከስድሳ አራት አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ውሃው አልጨመረም፤ መከፋፈሉ ብቻ ስድስት እጥፍ አጸዳው። ስሌቱ የሚሠራው ውሃው ጨርቁ ውስጥ በደንብ ከተዳረሰ ነው፤ ስለዚህ ዙሩ ሁሉ መታሸትና መጨመቅ አለበት፣ ነክሮ ማውጣት አይበቃም። እናቶቻችን “ሦስት ውሃ ይለፍበት” የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሳሙናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዩሪያና አሞኒያ እንደ ጨው በውሃ ብቻ ይወጣሉ፤ የቆዳ ቅባትና ወዝ ግን ጋቢ ላይ እንደፈሰሰ ቅቤ ነው፣ ሳሙና ይፈልጋል፤ ሽታ ያላቸው ውህዶችም ቅባቱ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ ከጥጥ ይበልጥ ሽታ የሚይዘው ቅባት ስለሚወድ ነው። ሁላችንም ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና አልካላይን ስለሆነ፣ ልብሱ ውስጥ የቀረውን አሞኒያ ጋዝ አድርጎ ያስወጣዋል። ስታጥቡ ሽታው ድንገት ቢብስ አትደንግጡ፤ እየወጣ ነው። እንዶድም በሳፖኒኑ ቅባቱን ያላቅቃል።

ኢንዛይም አለበት ተብሎ የሚሸጥ ሳሙናስ? እዚህ ላይ በራሴ ሙያ መጠንቀቅ አለብኝ። ኢንዛይምን ለልብስ ማጠቢያ ያዋለው ጀርመናዊው ኦቶ ሮም ነው፣ በ1913። ዛሬ ሳሙና ውስጥ የሚጨመሩት በአብዛኛው ፕሮቲን፣ ቅባትና ስታርች የሚሰባብሩ ናቸው። ሰገራ፣ ደም ወይም ምግብ የነካውን ልብስ በጣም ይረዳሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ይሠራሉ፣ የፈላ ውሃ ከተደፋባቸው ይበላሻሉ። ዩሪያንና ዩሪክ አሲድን ግን አይነኩም። “የዩሪክ አሲድ ክሪስታል በምንም አይሟሟም፣ ልዩ ኢንዛይም ካልተገዛ ሽታው አይለቅም” የሚለው ማስታወቂያ በብዛት ለድመት ሽንት የተጻፈ ነው፤ የድመት ሽንት ሽታ ምንጩ ሰልፈር ያለበት የራሱ ውህድ ነው፣ ሰው የለውም። ዩሪክ አሲድ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ እንደማይሟሟ እውነት ነው፤ ሳሙናው ባመጣው አልካላይን ውሃ ግን የተሻለ ይሟሟል። ባክቴሪያ ቀስ በቀስ ሰባብሮ ከእሱም አሞኒያ ሊያወጣ መቻሉም እውነት ነው። ሆኖም ሰው በቀን የሚያስወጣው ዩሪክ አሲድ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፣ ዩሪያው ደግሞ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የሚለቀለቅ አንሶላ ላይ ዋናው ጉዳይ ዩሪያው ነው የሚል አቋም አለኝ። ሊለቀለቅ የማይችል ፍራሽ ላይ ግን ክሪስታሉ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን ያህል አፌን ሞልቼ አልናገርም። “ሙቅ ውሃ የሽንት እድፍ ያጣብቃል” የሚለውም ከፊል እውነት ብቻ ነው። ሙቀት የሚያጣብቀው ፕሮቲንን ነው፤ ጤነኛ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከቁጥር አይገባም፣ ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ ግን ሊበዛ ይችላል። በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ የጀመረ ሰው በየትኛውም መንገድ አይጎዳም።

አቼቶ ብቻውን፣ በረኪና በሌለበት፣ መጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ትንሽ ቢጨመር ነውር የለውም። የቀረውን አሞኒያ ወደማይተን አሞኒየም ይለውጠዋል። ያልታጠበ ልብስ ላይ ከሆነ ግን ሽታውን ለጊዜው ከመያዝ ያለፈ አይሠራም፤ ልብሱ ውስጥ ዩሪያው እስካለ ዩሪኤዝ ሥራውን ይቀጥላል።

ከታጠበ በኋላ ማድረቁ ነው። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ የዋለ ልብስ የሚሸተው ሌላ ሽታ ነው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመርተው አሲድ ነው። ሽንቱ አልለቀቀም ብላችሁ በረኪና ከመጨመራችሁ በፊት ልብሱ የደረቀው እንዴት እንደሆነ አስቡ። ፍራሹን ቀድሞ በላስቲክ መሸፈን ነው፤ ስፖንጅ አንዴ ከጠጣ አይጨመቅም። ከጠጣም በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ፣ ትንሽ ውሃ ማፍሰስ፣ እንደገና መምጠጥ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ማስጣት።

አልጋው እንዳይረጥብ ተብሎ እናትን ወይም አባትን ውሃ መከልከል ሌላው የምሰማው ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ከሽታውም የከፋ ነው። ውሃ ያነሰው ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ፊኛንም ሊያስቆጣ ይችላል፤ ሽማግሌ ላይ ድርቀት ራሱ አደገኛ ነው። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ካልገደባቸው በስተቀር ቀን ቀን በደንብ ያጠጧቸው፣ ከመኝታ በፊት ያለውን ብቻ ይቀንሱላቸው። ሽንታቸው ሸተተ ብሎ ብቻ የአንቲባዮቲክ ክኒን መግዛትም ትክክል አይደለም፤ ሽታ ብቻውን የኢንፌክሽን ማስረጃ አይሆንም። ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም፣ ወይም ትናንት ያልነበረ መደናገር ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።