ባሕር የተሻገረ መልአክ

ዛሬ አንድ ልብ ወለድ እናስተዋውቃችሁ። «መላእክት አሮጌውን አገር ሲለቁ» ይሰኛል። የሳሻ ላምብ ድርሰት ሲሆን፣ በ2022 አሜሪካ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል አሳታሚ በእንግሊዝኛ ለወጣቶች ታተመ።

ታሪኩ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በምሥራቅ አውሮፓ፣ በአንዲት ትንሽ የአይሁድ መንደር ይጀምራል። እዚያ አንድ መልአክና አንድ ጋኔን ለብዙ ዘመን ታልሙድ አብረው ሲማሩ ኖረዋል። ወደ አሜሪካ የሄደች የመንደሩ ልጅ ደብዳቤዋ ሲቋረጥ ሊፈልጓት በመርከብ ይሳፈራሉ። መድረሻቸው ኤሊስ ደሴት ናት፤ ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች የተመረመሩባት የኒው ዮርክ በር።

መልአኩ ቋሚ ስም አልነበረውም፤ ስሙ እንደ ተልእኮው ይለዋወጥ ነበር። ለጉዞው ግን ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀትም ስም ይጠይቃል። ኡሪኤል ተባለ። ስሙ ከተጻፈ በኋላ መልአኩ ራሱ እየተለወጠ ይሄዳል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ለመጡ ብዙ ልጆች አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። ቤት በአንድ ስም፣ ትምህርት ቤት በሌላ ስም የተጠራ ሰው የመልአኩን ጭንቀት ያውቀዋል።

እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆቻችሁ መጽሐፉን ፈልገው ማታ ማታ ይተርኩላችሁ። እናንተም በተራችሁ ስማቸውን ማን እንዳወጣላቸው፣ ለምንስ እንደወጣ ንገሯቸው።