ሙቀቱ ነው ወይስ ትንፋሹ?

አንባቢ ሆይ፤ ከደጋ አገር ወደ አሳይታ ቢዛወሩ በመጀመሪያ የሚለወጥብዎ የመኝታ ልማድዎ ነው። ይህች በአዋሽ ዳር ያለች የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ የነበረች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች፣ በሐሩር ወራት ቤት ውስጥ ማደር ጭንቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አልጋውን ከደጅ አውጥቶ ከሰማይ በታች ይተኛል፤ የጎረቤት ማንኮራፋትም እንደ ጎረቤት ራዲዮ የሁሉ ይሆናል።

በማግሥቱ መዝገብ ላይ የሚያንጎላጅ ጸሐፊ ሲታይ «ሙቀቱ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየው አየሩ በሚቀዘቅዝበት በታኅሣሥም የሚያንጎላጅ ከሆነ፣ በአጠገቡ ያደረውን ሰው መጠየቅ ይገባል። ያ ሰው ምናልባት፣ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ እንደሚልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ታነቀ ሰው አጓርቶ እንደሚነሣ ይነግርዎ ይሆናል።

ሐኪሞች ይህን አፕኒያ ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትንፋሽ ማጣት ማለት ነው። የሚቆጠረው ትንፋሹ 10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ነው። በሰዓት 30 ጊዜ ከደረሰ ብርቱ ይባላል፤ ይኸውም በየሁለት ደቂቃው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛም ተኛ ለማለት ያስቸግራል።

ዐይነቱ ግን አንድ አይደለም። ከአዋሽ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያስቡ። በመጀመሪያው ዐይነት ፓምፑ ይሠራል፣ ቱቦው ግን ታጥፏል፤ የጉሮሮ ሥጋ ላልቶ መንገዱን ስለዘጋው ደረትና ሆድ ይታገላሉ፣ አየር ግን አይገባም። እጅግ የሚበዛው ይህ ነው። ውፍረት ያባብሰዋል፤ ቶንሲሉ ያበጠ ቀጭን ልጅንም አይምርም። በሁለተኛው ቱቦው ክፍት ነው፤ ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ስለተቋረጠ ግን ደረት ዝም ይላል። ይህ ልባቸው በደከመ ሰዎችና ከኦፒየም ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ በሚወስዱ ላይ ይታያል። ከቆላ ወጥቶ በሰሜን ተራሮች 4,000 ሜትር ላይ የሚያድር ጤነኛም ሊያገኘው ይችላል፤ ሲወርድ ይተወዋል። ሦስተኛው ድብልቅ ነው፤ በዝምታ ይጀምርና በትግል ይጨርሳል።

ይህ ልዩነት ሕክምናውንም ይለያል። የጉሮሮ መዘጋት በእንቅልፍ ላይ ተመዝግቦ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳይና በጀርመን ሐኪሞች ነው። በ1981 ደግሞ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም በአፍንጫ ጭንብል አየር እየነፉ ጉሮሮን ክፍት አድርጎ ማሳደር እንደሚቻል አሳዩ። የልቡ ድካም ትንፋሹን ለሚያቋርጥበት ሰው ግን አስቀድሞ የሚታከመው ልቡ ነው።

ከቢሮ ማንጎላጀት ይልቅ የሚያስፈራው የመንገዱ ነው። በአዋሽና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። እንቅልፉን በጫት የሚያባርር ሾፌር ዐይኑን ይከፍታል እንጂ ጉሮሮውን አይከፍትም። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ጉሮሮውን ይበልጥ ያላሉታል። በጎን መተኛት ለብዙዎች ይረዳል። ሕመሙ ሳይታከም ከቆየ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ትክክለኛው ዐይነት የሚለየው ሌሊቱን ሙሉ በመሣሪያ ሲለካ ነው። እስከዚያ ድረስ በአጠገብዎ የሚያድረው ሰው ሰዓቱን ይዞ ዝምታው ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ይቁጠር፤ ደረትዎ ይታገል እንደሆነም ይመልከት። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እርሱን አስከትለው ይሂዱ፤ እርስዎ ተኝተው ነበርና።